መጅሊሴን ሰባት ወር ያስጠበቁኝ ሰዎች፦ ስለ ሐዋሳው የሐሙስ ኅብረት እና ስለ ዕቃ ክፍሉ

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ቴሌቪዥኔን በባጃጅ ጭኜ ነበር። 43 ኢንች ነው፣ ካርቶኑ እንኳ ገና አልተጣለም። በር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀበሉኝ። ቴሌቪዥኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ «እሱን ወደ ቤት መልሰውና አንተ ናልን» አሉኝ። በጣም ተናደድኩ። ለእግዚአብሔር ልሰጥ ብዬ ከቤቴ አውጥቼ መጥቼ እንዴት አንቀበልም ይሉኛል? የባጃጁን ሒሳብ ሁለቴ ከፍዬ ቴሌቪዥኑን መለስኩና በንዴት እንደሆንኩ ተመልሼ ሄድኩ። እንኳን ሄድኩ።

አሁን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አልቅምም፣ አልጠጣም፣ ቤቲንግ አልቆርጥም። ስለዚህ ቦታ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለሚጠይቀኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ስለ ኅብረቱም፣ ስለ ዕቃ መሸጫ ክፍሉም፣ ስለ ጉድለታቸውም። ስሙን አልጽፍም። ታፔላ የላቸውም፣ እንዲኖራቸውም አይፈልጉም፤ ሰው በሩን ሲገፋ ማን አየኝ ብሎ እንዳይሳቀቅ ነው። ቦታው ሐዋሳ ነው፣ ከታቦር ተራራ ወረድ ብሎ፣ የአንድ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከኋላ በኩል ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንዱ መሰብሰቢያ፣ አንዱ የዕቃ ክፍል።

እኔ ብረት በያጅ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ የታንከር ማስቀመጫ፣ እንዲህ ያለ ሥራ። ጫት የጀመርኩት ሌሊት እየሠራን ትዕዛዝ ስናደርስ ነው። 11 ዓመት ቃምኩ። ቤቲንጉ መጨረሻ ላይ የመጣ ነው፣ አራት ዓመት ግን በቅቶታል።

የማይቅም ሰው የጫት ወጪ እንዴት ቤት እንደሚያፈርስ ብዙም አይገባውም። ጫት አይከማችም። ቅጠሉ ተቆርጦ ሁለት ቀን ካለፈው ውስጡ ያለው ዋናው ነገር፣ ካቲኖን የሚሉት፣ ኃይሉን ያጣል። በኮባ ተጠቅልሎ ትኩስ ትኩሱ ከወንዶ በኩል በየቀኑ የሚገባው ለዚያ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ትገዛለህ። እኔ መጨረሻ ላይ በቀን 300 ብር ለጫት ብቻ አወጣ ነበር፣ በወር 9,000 ማለት ነው፤ ኦቾሎኒው፣ ሲጋራው፣ ማታ ለጨብሲ የሚጠጣው ድራፍት ሳይቆጠር። ብሩ ሲያልቅ ዕቃ ይወጣል። ግራይንደሬን ሸጥኩ። የብየዳ ማሽኔን ሸጥኩ። የባለቤቴን የጋብቻ ቀለበት አስይዤ ሳላወጣው ቀረ። ቤቲንግ ሲበላኝ ሸጥኩ፣ ሲገባልኝ ደግሞ ገዛሁ። አንድ ቅዳሜ 61,000 ብር ገባልኝ። በዚያው ሳምንት መጅሊስ፣ የሳሎን መቀመጫውን ማለቴ ነው፣ ገዛሁ፣ ያንን ቴሌቪዥን ገዛሁ፣ ሁለተኛ ስልክ ገዛሁ። የሁለት ወር የቤት ኪራይ ውዝፍ ነበረብኝ። አልከፈልኩም።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ አንድ ነገር ለማለት ነው። ሱስ ያለበት ሰው ንብረት መልቀቅ ያቅተዋል ሲባል እሰማለሁ። እኔ እስከማውቀው አያቅተውም። ከሱ በላይ ማንም አይችልበትም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ከቤት አውጥቶ በግማሽ ዋጋ ሸጦ መምጣት ይችላል። የሚያቅተው ሳይመረቅን፣ ሳይቸኩል፣ ነገ እንደሚነጋ አስቦ፣ ቤተሰቡ ፊት መልቀቅ ነው። ይህንን የገባቸው ሰዎች ያገኘሁት እዚህ ግቢ ውስጥ ነው።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ሞክሬ ነበር። ከተማውም ሌላ ነው፣ ስሙ ይቅር። የሌሊት ጸሎት ነበር። ዝማሬው፣ ለቅሶው፣ ሰው ሁሉ እየተነሳ ያለውን ሲሰጥ አየሁና የሞተር ሳይክሌን ቁልፍ አውጥቼ መድረኩ ላይ አስቀመጥኩ። ተጨበጨበ። ተጸለየልኝ። በማግሥቱ ሰነዱን አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ። ወደ ሥራ የምሄደው በዚያ ሞተር ነበር። በ19ኛው ቀን ቃምኩ። ያን ሌሊት የተሰማኝን ስሜት አሁን ሳስበው በደንብ አውቀዋለሁ፤ ምርቃና ነው። እግዚአብሔር እዚያ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ነበረ፣ እስከዛሬም የያዘኝ እሱ ነው። እኔ ግን ስጦታዬን የሰጠሁት እንደምቅመው አድርጌ ነበር። ባንዴ፣ እስከ ጥግ፣ ነገን ሳላስብ። ባለቤቴ ስትሰማ አልጮኸችም። «ሳትነግረኝ ዕቃ ስታወጣ ይሄ ስንተኛህ ነው?» ብቻ ነው ያለችኝ።

እንግዲህ ሐዋሳ ቴሌቪዥኔን የመለሱብኝ ሰዎች ያስቆጡኝ ይህን ታሪክ ይዤ ነው።

ሥርዓታቸው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን 40 ቀናት ከማንም ምንም አይቀበሉም። ብር አይቀበሉም፣ ዕቃ አይቀበሉም፣ ሻይ እንኳ ልጋብዝ ብትል «ቆይ» ትባላለህ። አገልግሎቱ በነፃ ነው። ከ40 ቀን በኋላም ያገባ ሰው ባለቤቱ መጥታ ካልተስማማች አንዲት ማንኪያ አይወስዱም፤ ሴቷም ብትሆን እንደዚሁ ባሏ መምጣት አለበት። የእንጀራ መሣሪያ ደግሞ ጨርሶ አይቀበሉም። አንድ ልብስ ሰፊ ወንድማችን ሲንጀሩን ተሸክሞ መጥቶ እያለቀሰ ውሰዱልኝ ሲል አይቻለሁ። ይዘው አለቀሱለት፣ አብረው ጸለዩ፣ ሲንጀሩን ግን ሁለት ሰው ሆነው ቤቱ ድረስ መለሱለት። የዕቃ ክፍሉ በር ላይ ዘዳግም 24፥6 በእጅ ተጽፎ ተለጥፏል፤ የሰው ወፍጮ በመያዣ እንዳይወሰድ የሚከለክለው፣ ወፍጮውን የወሰደ ነፍሱን እንደ ወሰደ የሚቆጥረው ክፍል። እኔ ያንን ጥቅስ በሕይወቴ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የብየዳ ማሽኔን ትዝ አለኝና ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ።

ሐሙስ ማታ ከ11 ሰዓት ተኩል ነው የሚሰበሰቡት። ከ15 እስከ 25 ሰው ይመጣል። ሻይ አለ፣ ቆሎ አለ። ይጸለያል፣ አጭር ንባብ አለ፣ ከዚያ በተራ መናገር ነው። መናገር ያልፈለገ ዝም ይላል፣ ማንም አያስገድደውም። እኔ አምስት ሳምንት ዝም ብያለሁ።

የሚከተሉት 12ቱን እርምጃዎች ነው፤ ከሱስ ለመውጣት ደረጃ በደረጃ የሚኬድበት መንገድ ነው። ይህ ነገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ አክሮን በምትባል ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ገበያ ሰው እና ዶክተር ቦብ የሚባል ቀዶ ሐኪም፣ ሁለቱም መጠጥ ያጠፋቸው፣ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ደግፎ አቆሙ። እርምጃዎቹ በመጽሐፍ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ሁለቱም በጊዜው ኦክስፎርድ ግሩፕ ከሚባል የክርስቲያኖች እንቅስቃሴ ጋር ይሰበሰቡ ስለነበር ኑዛዜው፣ በደልን መካሱ፣ ራስን ለእግዚአብሔር መስጠቱ ከዚያ የመጣ ነው። እኔን የያዘኝ አራተኛው እርምጃ ነው። ቆጠራ ነው። ሱቅ ዓመቱ ሲያልቅ ዕቃውን እንደሚቆጥር የራስህን ሕይወት ያለ ፍርሃት ትቆጥራለህ።

ኅብረቱን የሚመሩት ያ በር ላይ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አረቄ ካቆሙ 22 ዓመታቸው ነው። ጋሼ ቆጠራውን ቃል በቃል ዕቃ አስቆጠሩን። ደብተሩ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ለሱስ የሸጥኩት። ሁለተኛው በሱስ ብር የገዛሁት። ሦስተኛው ሱሱን የሚጠብቅልኝ ዕቃ። ሦስተኛው መጀመሪያ አልገባኝም። ጋሼ «ስታየው አፍህ ውሃ የሚሞላው ዕቃ» አሉኝ። ያኔ ገባኝ። ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ከሱስ ጋር አብሮ የኖረ ዕቃ፣ ቦታና ሰዓት ሀራራ ይቀሰቅሳል፣ ሰውየው ካቆመ ከረጅም ጊዜ በኋላም ቢሆን። ፔርሙሱን ጻፍኩ። ሺሻውን ጻፍኩ። ለቤቲንግ የያዝኩትን ስልክ ጻፍኩ። መጅሊሱን አልጻፍኩትም። የእንግዳ መቀመጫ ነው ብዬ።

ንባቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ የሚነበበው ግማሹ ብቻ ነው። ያለህን ሽጠህ ስጥ የተባለው ባለጠጋ ታሪክ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ጋሼ ከማርቆስ 10 ነው የሚያስነብቡት፤ ማርቆስ ብቻ ኢየሱስ ሰውየውን ትኩር ብሎ አይቶ ወደደው የሚለውን ስለጻፈ። መጀመሪያ ወደደው፣ ከዚያ ነው ሽጥ ያለው። ቅደም ተከተሉን አትለውጡት ይላሉ ጋሼ። በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ ዘኬዎስን ያስነብባሉ። ዘኬዎስ ሁሉን አልሰጠም። እኩሌታውን ለድሆች ሰጠ፣ የበደላቸውን አራት እጥፍ ከፈለ። ኢየሱስም ቀሪውስ ብሎ አልጠየቀውም። በሦስተኛው ሐሙስ ሉቃስ 8 ላይ ከራሳቸው ገንዘብ እያወጡ ያገለገሉትን ሴቶች። ስለዚህ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መለኪያ የለም። የዘኬዎስ ነገር ደግሞ እኔን የነካኝ ሌላ ቦታ ነው፤ ሰውየው ስጦታንና ዕዳን አልደባለቀም። ለድሃ የሰጠው ለብቻ፣ ለበደለው ሰው የመለሰው ለብቻ። እኔ ሞተሬን ስሰጥ ለሰፈሬ ባለ ሱቅ የዱቤ ዕዳ ነበረብኝ። የባለ ሱቁን ብር ነው ለእግዚአብሔር የሰጠሁት ማለት ነው።

ከእኛ መካከል ግማሾቻችን ኦርቶዶክስ ነን፣ እኔም ነኝ። አንድ ወንድማችን፣ ዲያቆን የነበረ፣ የአባ እንጦንስን ታሪክ የነገረን ቀን እስካሁን ይወራል። እንጦንስ ወጣት ሆኖ ወላጆቹ ሞተውበት፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ያንኑ «ሽጠህ ስጥ» የሚለውን ወንጌል ሲነበብ ሰማ፣ ወጥቶ ንብረቱን ለቀቀ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ወንድማችን ያስታወሰን ግን፣ እንጦንስ መጀመሪያ ላይ ለታናሽ እህቱ ጥቂት አስቀርቶ ነበር። ያችንም በኋላ የሰጠው እህቱን ለታመኑ ደናግል አደራ ከሰጠ በኋላ ነው። የመነኮሳት አባት እንኳ እህቱ የት ትወድቃለች ብሎ አስቧል። ባለቤቴ በዚያ ሐሙስ አብራኝ ነበረች። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እጄን ያዘችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

አሁን ስለ ዕቃ ክፍሉ። ሱቅ ነው ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ብቻ ይከፈታል። ሰዓቱ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። ቅዳሜ 8 ሰዓት የበርጫ ሰዓት ነው፤ ሀራራው የሚነሳበት ሰዓት። በዚያ ሰዓት እጃችን ሥራ ይዞ እንዲቆይ ነው። ዕቃ እንጠርጋለን፣ እንጠግናለን፣ ዋጋ እንለጥፋለን። እኔ የተሰበረ አልጋና ወንበር እበይዳለሁ።

ለመግዛት ማንም መምጣት ይችላል፣ የኅብረቱ አባል መሆን አያስፈልግም። ጥሩ ዕቃ ይገኛል። ልብስ፣ ጫማ፣ የወጥ ቤት ዕቃ፣ ቁም ሣጥን፣ አንዳንዴ ስልክ። ዋጋው ከመናኸሪያ አካባቢ ካሉት ያገለገለ ዕቃ ሻጮች ይረክሳል፣ በተለይ የቤት ዕቃ። ድርድር የለም። የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ደመወዝ ሰሞን ብዙ ይመጣሉ፤ ተከራይተው ኑሮ ሲጀምሩ ድስቱንም ፍራሹንም እዚያው ይገዛሉ። እኔ ራሴ ያገለገለ የብየዳ ማሽን የገዛሁት ከዚያ ነው፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ያመጣችው ነበር። 9,000 ብር በሦስት ጊዜ ክፍያ። ዛሬ የምሠራበት እሱ ነው። መጀመሪያ ቀን ኤሌክትሮድ ገጥሜ እሳቱ ሲበራ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ጮኽኩ፣ ልጆቹ ደነገጡ።

የሱስ ዕቃ ግን አይሸጥም። ሺሻ፣ የቁማር ካርታ፣ የአረቄ መለኪያ ይሰበራል ወይም ይቃጠላል። አንድ ልጅ «ሺሻው 4,000 ብር ያወጣል፣ ሸጠን ለድሃ አንሰጥም?» ብሎ ሲከራከር ጋሼ የሐዋርያት ሥራ 19ን አወጡ። የኤፌሶን አስማተኞች ሲያምኑ መጽሐፎቻቸውን አልሸጡም፣ በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉት፤ ዋጋው ሲሰላ 50,000 ብር፣ ማለት በዚያን ጊዜው የብር ገንዘብ። ብዙ ሀብት ነው። ግን ቢሸጡት የሚገዛው ሌላ ሰው ነው፣ የሚይዘውም እሱን ነው። ልጁ ራሱ ሰበረው። በመዶሻ።

ከሽያጩ የሚገኘው ብር ወዴት እንደሚሄድ ሰጪው ይወስናል፣ ግን መጀመሪያ ዕዳ አለብህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ዕዳ ካለ ብሩ ወደ ዕዳው ነው። ስምንተኛውና ዘጠነኛው እርምጃም ይህ ነው፤ የበደልካቸውን ሰዎች መዝግብ፣ ከዚያ ክፈል፣ መክፈልህ ሌላ ሰው የሚጎዳ ካልሆነ በቀር። ዕዳ የሌለበት ሰው ብር ደግሞ ለታማሚ አባላት መድኃኒትና ለቤት ኪራይ ይውላል። በየወሩ ሒሳቡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ የገባው የወጣው። ቤተ ክርስቲያኗ ከዚያ ብር አንድ ሳንቲም አትወስድም። ይህንን ከመጀመሪያው ስላየሁ ነው ያመንኳቸው።

መጅሊሱ የቀረው ነው። ቴሌቪዥኑን በሦስተኛው ወር፣ ስልኩን በአራተኛው ሰጥቻለሁ፤ አሁን ተራ የቁልፍ ስልክ ነው የምይዘው፣ ይህንንም የምጽፈው በባለቤቴ ስልክ ነው። መካከል ላይ አንዴ ወድቄያለሁ፣ በ63ኛው ቀን። ዱካኩ አላስተኛ ብሎኝ ነበር፣ ሌሊት እየጮኽኩ እነሳ ነበር፣ አንድ ቀን ልረፍ ብዬ ቃምኩ። ሐሙስ ሄጄ ተናገርኩ። ማንም ፊቱን አላጠቆረብኝም። ከዚያ በኋላ ግን አልቃምኩም።

መጅሊሱ ግን ቤቴ ነበር። ቀይ ነው፣ ሳሎኑን ሙሉ ይይዛል፣ 28,000 ብር ነው የገዛሁት። ማንም ስጥ አላለኝም። በሰባተኛው ወር አንድ እሁድ ጋሼ ቤታችን መጡ። ባለቤቴ ቡና አፈላች። ጋሼ መጅሊሱ ላይ ተቀምጠው መከዳውን ደገፍ አሉ፣ እስከ በረካ ጠጡ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠየቁ። ሊሄዱ ሲሉ «ጥሩ መቀመጫ ነው። አንተ እዚህ ስትቀመጥ ምን ትዝ ይልሃል?» አሉኝ። ሳላስበው «ስምንት ሰዓት» አልኩ። ሌላ ምንም አላሉም። መርቀውን ሄዱ። ባለቤቴ ሲኒውን እያነሳች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «እኔ እዚያ ላይ ተቀምጬ አላውቅም» አለች። እውነቷን ነው። ዓመት ከምናምን ቤታችን የኖረ ዕቃ ነው፣ እሷ አንድም ቀን ተቀምጣበት አላየሁም። በርጩማ ላይ ነው የምትቀመጠው።

ያን ሌሊት ብቻዬን ተንበርክኬ ጸለይኩ። ምንም አልተሰማኝም። ሙቀት የለም፣ ለቅሶ የለም። ጌታ ሆይ ይህንን ብለቅ ደስ አይለኝም፣ ግን ልለቅ ነው አልኩት። እንደዚያ በቀዘቀዘ ልብ የወሰንኩት ውሳኔ ትዝ አይለኝም። ቅዳሜ በጭነት ባጃጅ ወሰድነው፣ ባለቤቴ ከኋላው ተቀምጣ።

እዚያም ሲደርስ ክርክር ተነሳ። የሱስ ዕቃ ነው ወይስ የቤት ዕቃ? ጨርቁ በሺሻ ከሰል ተበሳስቷል። በመጨረሻ ጨርቁ ተገፎ ተቃጠለ፣ ስፖንጁ ጥሩ ስለነበር በሌላ ጨርቅ ተለብጦ ሦስት ፍራሽ ወጣው። 7,500 ብር ተሸጠ። ብሩን ይዤ ወደ ባለ ሱቁ ሄድኩ። የዱቤ ደብተሩን አወጣ፣ 6,840 ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ዕዳ ነው። እስክሪብቶውን አንስቶ ሰረዘው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ዳቦ ትወስዳለህ ወይ አለኝ። በዱቤ። እምቢ አልኩ፣ ግን መጠየቁ ብዙ ነው ለኔ።

አሁን ቅሬታዎቼ። አንደኛ፣ ለሚስቶችና ለእናቶች የተለየ ሰዓት የላቸውም። ባለቤቴ መጀመሪያ ስትመጣ ስለ እኔ ነው ሁሉም የሚያወራት፣ አንቺስ እንዴት ነሽ ያላት የዕቃ ክፍሉን የሚያስተዳድሩት እትዬ ብቻ ናቸው። ዕቃው ሲሸጥ፣ ቀለበቷ ሲጠፋ የተጎዳችው እሷ ናት። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፣ ነግሬያቸዋለሁም። ራሳቸው ሱስ ያለባቸው ሴቶችም ሦስት ብቻ ናቸው፣ ከ20 ወንድ መካከል ማውራት ይከብዳቸዋል።

ቤቲንግ ላይም ደካማ ናቸው። ትልልቆቹ መጠጥንና ጫትን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል፣ ቤቲንግ ግን በስልክ እንዴት ሌሊት ሰው እንደሚበላ አይገባቸውም። አሁን የሚመጣው ወጣት ደግሞ አብዛኛው እሱ ነው ያለበት። ዝማሬውም መጀመሪያ አስቸግሮን ነበር። አንድ ኦርቶዶክስ ወንድማችን እኔ ሃይማኖቴን ልለውጥ አልመጣሁም ብሎ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ተስተካክሏል፤ ሁሉም ወደየራሱ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደየንስሐ አባቱ እንዲሄድ ይነገራል፣ በሁዳዴም ሻዩ ያለ ወተት ነው። ደረሰኝ ግን እስካሁን ካልጠየቃችሁ አይሰጡም። ጠይቁ። ክረምት ላይ ደግሞ ቆርቆሮው ስለሚጮኽ ዝናብ ከጣለ ንግግር አይሰማም፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ቦታው ሆስፒታል አይደለም። በየቀኑ አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በራሱ ባንዴ ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ የሚጥል በሽታ ሊነሳበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ጋር ነው። ኅብረቱም እንዲህ ያለውን ሰው ሳይታከም አያስቀምጡትም፣ ራሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ጸበልም ጸሎትም ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ጫት ያን ያህል አያሰጋም፣ ግን ድብርቱና ዱካኩ ከበረታ እሱም ሐኪም ይፈልጋል።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለኅብረቱ ከ5 አራት ተኩል፣ ለዕቃ ክፍሉ አራት። ግማሿን የቀነስኩት በሚስቶች ጉዳይ ነው፣ የሴቶች ሰዓት የከፈቱ ቀን እጨምራለሁ።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ፤ ባለቤቴ ካየችውም እሷ ትመልስላችኋለች። ከመናኸሪያ በባጃጅ ሩቅ አይደለም። ሐሙስ 11 ሰዓት ተኩል፣ ለመግዛት ቅዳሜ 8 ሰዓት። መታወቂያ አይጠይቁም፣ ስማችሁን ካልፈለጋችሁ አትናገሩም። የመጀመሪያ ቀን ዕቃ ይዛችሁ አትሂዱ። በሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው፣ አንኳኩና ትንሽ ጠብቁ፤ ጋሼ እግራቸውን ስለሚያማቸው ቀስ ብለው ነው የሚመጡት። ውሻ አለ፣ ይጮኻል እንጂ አይናከስም።